የአርብቶ አደር ልብስን ከስትሪት ዌር (ከጎዳና ፋሽን) ጋር ያዛመደ ብራንድ፦ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጀመሪያው ሽያጭ

የራሱን የልብስ ብራንድ ሊጀምር ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያሠራው ሎጎ ነው። ቀጥሎ ስም ይፈልጋል፤ ገጽ ይከፍታል። ከዚያ የተዘጋጀ ሁዲ በጅምላ ይገዛና ግመል ወይም ድንኳን ያሳትምበታል። እንዲህ ያለውን ሁዲ ነገ ጠዋት ማንም ተነስቶ ሊሠራው ይችላል። ገበያውም በሱ ጢም ብሏል።

ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሱ ሕዝቦች ልብስ ከዚህ የበለጠ የሚሰጠው ነገር አለ። ልብሱ የተበጀው ለሥራ ነው። ንፋስ ይከላከላል፣ ዕቃ ይይዛል፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ይሆናል፣ ፈረስ ላይ ሲወጡ አይቀደድም። ቀኑን ሙሉ ውጭ የሚውል የከተማ ወጣትም የሚፈልገው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እዚህ የምናየው የልብሱን አሠራር እንዴት እንደምንዋስ ነው። ጌጡ ይቆየን።

1. አንድ ልብስ ምረጡና አሠራሩን አጥኑ

ሞንጎሊያን፣ ሰሃራን፣ አርክቲክን አንድ ስብስብ ውስጥ ማጨቅ ያጓጓል። አታድርጉት። የሚወጣው የቱሪስት ሱቅ ነው። አንድ ልብስ ይበቃል። ለመምረጥ እንዲመቻችሁ ጥቂቶቹን እንይ።

የሞንጎሊያው ዴል ረጅም ካባ ነው። የግራው ፊት በቀኙ ላይ ይደረብና ቀኝ ትከሻና ጎን ላይ ይቆለፋል። ደረት ላይ ጨርቁ ድርብ ስለሚሆን ንፋስ መግቢያ አያገኝም። ወገብ ላይ ረጅም መቀነት ይጠመጠማል። ከመቀነቱ በላይ ያለው ልቅ ቦታ እንደ ትልቅ ኪስ ያገለግላል። እጅጌው ሲለቀቅ እጅን ይሸፍናል፤ ጓንት አያስፈልግም። ሌሊት ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ተሸፍነውት ይተኛሉ።

በሰሃራ የሚኖሩት የቱዋሬግ ወንዶች ጥምጣም፣ ታጌልሙስት፣ እስከ 10 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ራስና ፊትን ከአሸዋና ከፀሐይ ይከልላል። በባህሉ መሠረት በኢንዲጎ ሰማያዊ ይነከራል፤ ቀለሙም የለባሹ ቆዳ ላይ ይለቃል። የሰሜን አፍሪካው በርኖስ ደግሞ እጅጌ የለውም፣ ቆብ አለው፣ ከሱፍ ይሠራል። ከላይ ጣል ማድረግ ብቻ ነው።

ሱሪ ለምትወዱ፦ በምዕራብ ቻይና፣ ቱርፋን አካባቢ ባለው የያንግሃይ መቃብር 3 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሱፍ ሱሪዎች ተገኝተዋል። እስካሁን ከታወቁት ሱሪዎች ሁሉ የቆዩ ናቸው። ጨርቁ አልተቆረጠም። እያንዳንዱ እግር ለብቻው በልኩ ተሸምኖ፣ ብሽሽት ላይ ሰፊ ቁራጭ ገብቶበታል። ፈረሰኛ እግሩን ሲከፍት ስፌቱ እንዳይተረተር ነው። ዛሬ የስኬትቦርድና የተራራ መውጫ ሱሪዎች ላይ የምናየው የብሽሽት ቁራጭ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

ፓርካውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአርክቲክ ሕዝቦች የቆዳ ልብስ ነበር። የአሜሪካ ጦር በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤም-51 የተባለውን ባለጭራ ፓርካ አወጣ፤ በ1960ዎቹ ሞድ የሚባሉት የእንግሊዝ ፋሽን ወዳድ ወጣቶች ከጦር ትርፍ ዕቃ ሻጮች እየገዙ በሞተር ስኩተር ላይ ለበሱት። የጎዳና ፋሽን ከእንዲህ ያለ ልብስ ሲዋስ የመጀመሪያው እናንተ አይደላችሁም።

አንዱን ከመረጣችሁ በኋላ ደብተር አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ። ከምን ይከላከላል? ምን ይይዛል? ስንት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል? ከዚያ ፎቶ ብቻ አትዩ። ብዙ ሙዚየሞች የስብስባቸውን ምስል በነፃ ይለቃሉ፤ የውስጡን ስፌትና የጀርባውን ምስል ፈልጉ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ቢቻላችሁ እውነተኛውን ልብስ ተውሳችሁ ልበሱት። ቁጭ በሉበት፣ ደረጃ ውጡበት።

ከዚህ በኋላ ለምሳሌ የምጠቀመው ዴልን ነው። ከሁዲ ጋር የተጋባ፣ እስከ ጭን የሚደርስ ጃኬት እንሠራለን እንበል። ዴልን የመረጥኩት ስለምወደው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

2. የሰው ከሆነ ጠይቁ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በ2015 መቀመጫውን ለንደን ያደረገ ኬቲዜድ የተባለ የስትሪት ዌር ብራንድ አንድ ሹራብ አወጣ። ንድፉ የተቀዳው ኢኑዊት ከሚባለው የአርክቲክ ሕዝብ ከሆነ አንድ ሻማን (የመናፍስት አዋቂ) ፓርካ ነበር። ሻማኑ ፓርካውን ያሠራው ራሱን ለመጠበቅ ብሎ በራዕይ ካየው ነው። ቤተሰቦቹ አይተው ተቆጡ። ብራንዱ ይቅርታ ጠይቆ ሹራቡን ከገበያ አነሳ። ከዚያ በፊት፣ በ2012፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ መንግሥት ስማችንን ያለ ፈቃድ ምርቱ ላይ ለጠፈ ብሎ ኧርባን አውትፊተርስ የተባለውን የልብስ ሱቅ ድርጅት ከስሶ ነበር። ጉዳዩ በ2016 በስምምነት አልቋል።

ታዲያ ምን ይነካል፣ ምን አይነካም? እኔ የምከተለው መስመር ይህ ነው። አጠቃላይ ቅርጽ፣ እንደ ጎን ቆልፍ፣ እንደ መቀነት፣ እንደ ብሽሽት ቁራጭ ያለው፣ ብዙ ሕዝብ የሚጋራው የአሠራር ዘዴ ነው። ውሰዱት፣ ግን ከየት እንደወሰዳችሁ ጻፉ። የአንድ ጎሳ፣ የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ እምነት ምልክት የሆነ ጥልፍና ንድፍ ግን የናንተ አይደለም። የክብር፣ የሐዘን ወይም የጋብቻ መለያ የሆነም እንዲሁ። ይህንን ከኢንተርኔት አታውቁትም። የባህሉን ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ጥለቱን ወይም ሽመናውን የግድ ከፈለጋችሁ፣ ከባለሙያዎቹ ግዙ። የኪርጊዝ የሱፍ ምንጣፍ ጥበብ የሆኑት አላ ኪይዝና ሺርዳክ በ2012 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች ተርታ በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። የሳዑዲ ዓረቢያና የኩዌት አል ሳዱ ሽመና በ2020 ተመዝግቧል። ሁለቱም ዛሬ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች አሏቸው። ስትስማሙ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ቁራጭ፣ በስንት፣ ክፍያው መቼ፣ ስማቸው መለያው ላይ ይጻፍ አይጻፍ፣ ንድፉን ለሁለተኛ ዙር መጠቀም ይፈቀዳል ወይስ አዲስ ክፍያ ይጠይቃል። በእጅ የሚሠራ ነገር ይዘገያል፤ ቀኑን ስትቆርጡ ይህን አስቡ።

ስም አወጣጥ ላይም ጠንቀቅ በሉ። የሕዝብን ስም የጃኬት ስም አታድርጉት። "ትራይባል" የሚባለውን ቃል ደግሞ ጨርሶ እርሱት። ምንም አይነግርም፤ ሰዉንም ያስቀይማል።

3. ስብስቡን አሳንሱ

ስቱሲ የተባለው የስትሪት ዌር ብራንድ የጀመረው ካሊፎርኒያ ውስጥ በሰርፍ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ የነበረ ፊርማ ቲሸርት ላይ ሲያርፍ ነው። እናንተም ሃያ ዓይነት ልብስ አያስፈልጋችሁም። ሦስት ይበቃል። አንድ ዋና፣ ሁለት አጃቢ።

ዋናው ጃኬቱ ነው። አጃቢዎቹ ሰፊ ሱሪና ረጅም ስካርፍ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ስካርፉ በትንሽ ወጪ ይሠራል፣ የልክ ጣጣ የለውም፣ ጃኬቱን መግዛት ላልቻለ ሰው መግቢያ በር ይሆናል። ቀለም ከሦስት አይብለጥ። ያልተነከረ የሱፍ ቀለም፣ ጥቁር ቡኒና ኢንዲጎ አብረው ሲለበሱ ፏ ይላሉ። መርገፍ፣ ማለትም ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለውን ዘርፍ፣ ግን እባካችሁ ቀንሱ። ሁሉም ጠርዝ ላይ ሲንዠረገግ በአውቶቡስ በር ይያዛል፤ ከመርገፍ ወዳጆች ጋር ብጣላም አልመለስም።

4. ጨርቁን ሳትፈትኑ አትቁረጡ

የጨርቅ ክብደት የሚነገረው በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ነው። ለቲሸርት ከ180 እስከ 240፣ ለወፍራም ሁዲ ከ350 እስከ 450፣ ለካፖርት የሚሆን ሱፍ ከ400 እስከ 600 ብታስቡ አትሳሳቱም። ለዴል ጃኬታችን ወፍራም ጥጥ ሸራ ወይም የተደቀደቀ ሱፍ ይሆናል። ቆቡና የእጅጌው ጫፍ ከሁዲ ጨርቅ ይሁን። የስትሪት ዌሩ ስሜት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሻጩ "አይሰበሰብም" ይላል። እሺ በሉትና ለራሳችሁ ለኩ። 50 በ50 ሴንቲሜትር ቁረጡ፣ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ምልክት አድርጉ። ደንበኛው በሚያጥበው መንገድ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት። ድሩ 47.5 ከሆነ 5 በመቶ ተሰብስቧል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጨርቅ 60 ሴንቲሜትር ሆኖ እንዲቀር የፈለጋችሁት እጅጌ ከ63 በላይ መቆረጥ አለበት። ሁለት ዓይነት ጨርቅ የምታጋቡ ከሆነ ይህ ሙከራ የግድ ነው። ሸራው 2 በመቶ፣ የሁዲው ጨርቅ 7 በመቶ ከተሰበሰበ፣ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ስፌቱ ይኮማተራል። መፍትሔው ከመቁረጥ በፊት ሁለቱንም ማጠብ ነው።

ኢንዲጎ ላይ ሌላ ፈተና አለ። ነጭ የጥጥ ቁራጭ ውሰዱና ጨርቁን አሥር ጊዜ እሹት፤ አንዴ በደረቁ፣ አንዴ በእርጥቡ። ቀለም ከለቀቀ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ጨርቁን ደጋግማችሁ ማጠብ፣ ወይ መለያው ላይ በግልጽ መጻፍ። ታጌልሙስት ላይ ቀለም መልቀቁ የሚወደድ ነገር ሊሆን ይችላል። የሰው ነጭ ሶፋ ላይ ግን ማንም አይወደውም።

ከትልልቅ ፋብሪካዎች የተረፈ ጨርቅ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ትንሽ መጠን ይሸጣሉ። ችግሩ ሲያልቅ አለቀ ነው። ለስካርፍ ተጠቀሙበት፤ ለዋናው ጃኬት ግን ደግሞ የሚገኝ ጨርቅ ፈልጉ።

5. ንድፉን በአቡጀዲ ሞክሩ

ውድ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፋችሁ በፊት ልብሱን በአቡጀዲ ስፉት። ወፍራም ጨርቅ የምትጠቀሙ ከሆነ አቡጀዲው ቀጭን ስለሚሆን ልኩን ያታልላችኋል። ያን ጊዜ ተቀራራቢ ክብደት ያለው ርካሽ ሸራ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይሻላል።

ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሱ ሕዝቦች ልብሶች ብዙዎቹ አራት ማዕዘን ከሆኑ ቁርጥራጮች የሚገጣጠሙ ናቸው። ጨርቅ በእጅ ሲሸመን ማባከን ስለማይታሰብ ነው። ይህንን ተጠቀሙበት። የጨርቁን ሙሉ ስፋት ወረቀት ላይ በሚዛን ሳሉ። አካሉን፣ እጅጌውን፣ መቀነቱን፣ ኪሱን እንደ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ደርድሩ። በመካከል የሚተርፈውን ቦታ የብብት ቁራጭና የማንጠልጠያ ማሰሪያ አድርጉት። የተጣመመ ቅድ ባላችሁ ቁጥር ቁርጥራጭ ይበዛል፤ ወጪም ይበዛል።

ለጃኬቱ የሚከተለውን መነሻ ውሰዱ፤ እየሞከራችሁ ታስተካክላላችሁ።

የፊቱ መደረቢያ ከመሃል መስመር ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይለፍ። ከዚህ ካነሰ ስትቀመጡ ይከፈታል። ትከሻና ጎን ላይ ሦስት ማሰሪያ ይበቃል። የተጠለፈ ቁልፍ ያምራል፤ ብርድ ላይ በደነዘዘ ጣት ለመክፈት ግን የሚጫን የብረት ቁልፍ ይቀላል። ቁልፉ የሚያርፍበት ቦታ ከውስጥ በጠንካራ ጨርቅ ይደገፍ፤ አለዚያ ይቦጨቃል።

ብብት ላይ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ቁራጭ አስገቡ። አራት ማዕዘን ቅድ ያለዚህ ቁራጭ እጅ ሲነሳ ልብሱን በሙሉ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ሱሪው ላይ ደግሞ ብሽሽቱ ላይ ከ10 እስከ 14 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ዳይመንድ ቅርጽ ቁራጭ ይግባ። ማዕዘኖቹ ላይ ስፌቱ በደንብ ይመለስ፤ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚያ ነው።

መቀነቱ በሁለት ማስገቢያ በኩል ይለፍ፤ ካልሆነ ሰው የትም ይጥለዋል። ከመቀነቱ በላይ ያለውን የዴል ኪስ አትርሱ። ውስጥ በኩል፣ ከደረት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ በጎን የሚከፈት ኪስ አድርጉት። ስልክ፣ ቻርጀር፣ ትንሽ መጽሐፍ ይይዛል። ታችኛው ጫፉ መቀነቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ስፉት። ክብደቱን ወገብ ይሸከመዋል፤ ትከሻ አይጎተትም። እጅጌው ከመዳፍ በታች ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ይርዘምና የሚታጠፍ ይሁን። ሲታጠፍ ገበሩ ይታያል፤ ለሌላ ቀለም ጥሩ ቦታ ነው።

አሁን ልበሱት። እጃችሁን አንሱ፣ ጫማ እሰሩ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ብስክሌት ንዱ፣ የጀርባ ቦርሳ አንግቱ። የጀርባ ቦርሳው ላይ ብዙ ጃኬት ይወድቃል፤ ቆቡ ከቦርሳው ጋር ይጣላል፣ የትከሻው ቁልፍም በማንገቻው ሥር ይቆረቁራል። ቁልፉን ሁለት ጣት ያህል ወደ አንገት ማስጠጋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቁመታቸውና ውፍረታቸው የሚለያዩ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ይልበሱት። መስታወት ፊት ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ቀን።

6. ለልብስ ሰፊው የምትሰጡት ወረቀት

በአፍ የተነገረ ነገር ሁለተኛው ልብስ ላይ ይጠፋል። ለእያንዳንዱ ልብስ የፊትና የጀርባ ሥዕል፣ ልክ በሴንቲሜትር፣ የሚፈቀደው ልዩነት፣ የጨርቁ ናሙና፣ የክሩ ቁጥርና ቀለም፣ የስፌቱ ዓይነት፣ የቁልፉ ቦታ፣ መለያው የሚሰፋበት ቦታ በወረቀት ይኑር። ያልተለመደ ነገር ሲኖር፣ ለምሳሌ የብብት ቁራጩ አገጣጠም፣ ለብቻው ቅርብ ሥዕል ሥሩለት።

ቅዱ ልቅ ስለሆነ ስድስት ልክ አያስፈልግም። ሦስት ይበቃል። መቀነቱ የቀረውን ያስተካክላል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ማንም የማይገዛው ትርፍ ልክ መደርደሪያ ላይ አይቀርም።

አንድ ናሙና አሰፉ፣ አርሙ፣ ሁለተኛ አሰፉ። የተስማማችሁበትን ናሙና ቀን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ አስቀምጡ። ክርክር ሲነሳ ዳኛው እሱ ነው። ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትክፈሉ።

7. ዋጋ

እዚህ ላይ ብዙ ብራንድ ይሰምጣል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እንሥራው፤ ገንዘቡ የፈለጋችሁት ይሁን። ጨርቅ 28፣ ቁልፍና ክር መለያውን ጨምሮ 7፣ ቆረጣና ስፌት 30፣ ማሸጊያ 5፤ ድምሩ 70። ለተበላሸ 10 በመቶ ስትጨምሩ 77። ለናሙናና ለንድፍ ያወጣችሁት 600 ከሆነና 40 ጃኬት ከሠራችሁ፣ በአንዱ ላይ 15 ይደርሳል። እውነተኛው ወጪ 92 ሆነ።

በቀጥታ ለደንበኛ ብቻ ብትሸጡ በሁለት ተኩል አባዙት፤ 230 ይሆናል። ደህና ይመስላል። ነገር ግን ነገ አንድ ሱቅ መጥቶ በግማሽ ዋጋ ስጡኝ ይላችኋል። ያ 115 ነው፤ ትርፋችሁ 23 ብቻ። በሱቅ በኩል የመሸጥ ሐሳብ ካላችሁ የጅምላ ዋጋውን የወጪው እጥፍ፣ የችርቻሮውን የጅምላው እጥፍ አድርጉ። 184 እና 368 ይመጣል። ከበዛባችሁ ትርፉን ሳይሆን ልብሱን አቅልሉት። ገበሩን አንሱ፣ ማሰሪያ ቀንሱ። ለሸማኔ ወይም ለጥልፍ ባለሙያ የተስማማችሁት ክፍያ ግን ከወጪው ውስጥ ይግባ እንጂ ከትርፍ የሚተርፍ ምጽዋት አይሁን።

8. አውጡት

በረሃ ሄዳችሁ ግመል አጠገብ ፎቶ አትነሱ። ልብሱ የተሠራው ለጎዳና ነው፤ ጎዳና ላይ ይታይ። ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ባቡር የሚጠብቅ ሰው፣ ኪሱ ውስጥ የሚፈልግ እጅ። የውስጥ ኪሱን በአጭር ቪዲዮ አሳዩ። ዴል ምን እንደሆነና ከሱ ምን እንደወሰዳችሁ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ሱፕሪም የተባለው የስትሪት ዌር ብራንድ በትንሽ በትንሹ እያወጣ ሰው ማሰለፉ የታወቀ ነው። እናንተ ግን ገና ሰልፍ የላችሁም። ቅድመ ትዕዛዝ ይሻላችኋል። ለሁለት ሳምንት ክፈቱ፣ የታዘዘውን ቁጥር ብቻ አሰፉ፣ የማድረሻ ቀኑን ልብስ ሰፊው ካላችሁ ላይ ሁለት ሳምንት ጨምራችሁ ተናገሩ። ልኩን የለበሰውን ሰው ቁመት እየጠቀሳችሁ ጻፉ፤ መደረቢያ ያለው ልብስ ሰውን ግራ ያጋባል። መቀነቱ እንዴት እንደሚታሰር የሚያሳይ ወረቀት ከጃኬቱ ጋር ላኩ። የአስተጣጠቡን መመሪያ ከሠራችሁት ሙከራ ጻፉት እንጂ ከሌላ ብራንድ አትቅዱ።

ከተሸጠ በኋላ የመለሰ ሰው ሁሉ ለምን እንደመለሰ መዝግቡ። የተተረተረውን በነፃ ስፉ፤ ስትሰፉት የት እንደተተረተረ ይታያችኋል። አምስት ጃኬት በአንድ ቦታ ላይ ተተርትሮ ከተመለሰ ችግሩ ያለው ንድፉ ላይ ነው። ሁለተኛውን ዙር ስታስቆርጡ ያንን ብቻ አስተካክሉ፣ ቀለሙንና ቅርጹን ባለበት ተዉት፤ አዲሱን ሱሪ ለሦስተኛው ዙር አቆዩት።